የሐይቅ ወንጌልና የዘመናችን ቤተ መጻሕፍት



አዲስ ቴክኖሎጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ እንዲዘልቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌዬን ከሩቅ አላመጣም፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እጀምራለሁ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል አደረጉት። እርሳቸው ለገዳሙ ያበረከቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በገጾቹ ላይ የሰፈሩት ማስታወሻዎችም ለገዳሙ ታሪክ ዐቢይ ምንጭ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በዚህ ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። የሐይቁ ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር የብዙዎቹን መጻሕፍት ይዘትና ዘመን መርምረው በካታሎግ ገለጹ። ዛሬ ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው፣ የተመዘገበ አንባቢ ሁሉ ያለክፍያ ያያቸዋል። መሣሪያው ተለወጠ፤ ቁጥሩና መግለጫው ግን ጸንተው ቆዩ።

የእኛን ሁኔታ ከዚህ ጋር እናነጻጽር። ኮሃና ዲስፔስ የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮች ያለክፍያ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የሚያስተዳድራቸው ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራትና የመጠባበቂያ ቅጂ ይፈልጋሉ። በአንድ ቤተ መጻሕፍት በፕሮጀክት ገንዘብ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች ስካን ተደርገው አይቻለሁ፤ ፋይሎቹ ግን የጸሐፊ ስም፣ ርእስም ሆነ ዓመተ ምሕረት አልነበራቸውም። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ባለሙያው ሄደ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅም አልተገኘ። መግለጫ የሌለው ፋይል፣ መደርደሪያው ከጠፋ መጽሐፍ አይለይም።

የቅጂው ጉዳይም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሲዘረፍና ሲወድም፣ ሀብትን በአንድ ስፍራ ብቻ ማኖር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም ተረድተናል።

የመዳረሻው ነገር ደግሞ አለ። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ስለዚህ ከአምባሰል የመጣች የታሪክ ተማሪ በአገሯ የሚገኘውን ይህን ወንጌል ልታጠናው የምትችለው በቅጂው ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ከደከመ ግን በቅርቧ ያለው መጽሐፍ ከሚኒሶታ ይርቅባታል። መፍትሔው ከባለቤቱ ከገዳሙ ጋር በመስማማት ቅጂውን በዩኒቨርሲቲው የውስጥ ኔትወርክ ላይ ማኖር ነው፤ ለዚህ ከውጭ የሚመጣ መስመር አያስፈልግም።

እንግዲህ ማናቸውንም መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ፦ ይዘቱን ማን ይገልጻል? ሁለተኛው ቅጂ የት ይቀመጣል? ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላ የጠባቂውን ደመወዝ ማን ይከፍላል? ለእነዚህ መልስ ካላዘጋጀን የምንገዛው ሰርቨር ብቻ ይሆናል። ወንጌሉን ለዛሬው አንባቢ ያደረሱት በየዘመኑ እነዚህን ኃላፊነቶች የተሸከሙ ሰዎች ናቸው።