የሣር ሽፋን በዓይን ከመገመት በፎቶግራፍ መለካት

አንድ ሰው በማሳ ዳር ቆሞ «ሣሩ የመሬቱን እኩሌታ ሸፍኖታል» ሲል፥ አጠገቡ የቆመው ባልንጀራው ደግሞ «የለም፥ ከእኩሌታ በጣም ይበልጣል» ሊለው ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን የሰው ዓይን ሚዛን አይደለም። ጧት ያየውንና በቀትር ያየውን፥ ከቅርብና ከሩቅ የተመለከተውን እኩል አይፈርድም። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የአትክልተኛው ድካም፥ የከብት አርቢው ካሣ፥ የተዳፋት መሬት አፈር ጥበቃ በዚሁ ግምት ሲመዘን፥ የስሕተቱ ዕዳ ከባድ ነው።

ለምሳሌ ከናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘውን የሩንዳን ሰፈር እንመልከት። ሩንዳ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለሚገኝበት ለጊጊሪና ለካሩራ ደን ጎረቤት ሲሆን፥ ቤቶቹ በሰፋፊ የሣር ሜዳ የተከበቡ ናቸው። በናይሮቢ ግቢዎች ከሚተከሉት ሣሮች ዋነኛው በኪኩዩ ሕዝብ ስም የሚጠራው የኪኩዩ ሣር ነው። ይህ ሣር የትውልድ ስፍራው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ስለ ሆነ ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ አይደለም። እንደ ሰርዶ በምድር ላይ እየተሳበ፥ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይስፋፋል። አትክልተኛው ቁርጥራጩን በመጋቢት ዝናም መግቢያ ተክሎ እንደ ሆነ፥ በግንቦት መጨረሻ ከቀዩ አፈር ምን ያህሉ እንደ ተሸፈነ እርሱም የግቢው ባለቤትም ማወቅ ይፈልጋሉ። እንግዲህ ማን ይፍረድ?

በሣር ምርምር ዘንድ የቆየው ልማድ ሜዳውን በዓይን አይቶ ከ1 እስከ 9 ነጥብ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሪቻርድሰን፥ ካርቸርና ፐርሴል የሣርን ሽፋን በዲጂታል ፎቶግራፍ የመለካትን ዘዴ አሳተሙ። ከዓይን ግምትና በተዘረጋ መስመር ላይ ከመቁጠር ጋር ባነጻጸሩት ጊዜ፥ በፎቶግራፉ የተገኘው ውጤት ከሁለቱም ያነሰ መዋዠቅ ያለበት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፓትሪኛኒና ኦክስነር ካኖፔዮ የተባለውን፥ በእጅ ስልክ የሚሠራውን መለኪያ ለሕዝብ አቀረቡ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዲጂታል ፎቶግራፍ በጣም ብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰብስበው የሚሠሩት ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፥ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ቁጥር ተጽፎለታል። ካኖፔዮ አንዱን ነጥብ ቅጠል ነው የሚለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ቀዩ ለአረንጓዴው ሲካፈል ከ0.95 ማነስ አለበት፤ ሰማያዊውም ለአረንጓዴው ሲካፈል እንዲሁ። ሦስተኛም፥ ከአረንጓዴው እጥፍ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ሲቀነሱ ቀሪው ከ20 መብለጥ ይገባዋል። ቀይ 80፥ አረንጓዴ 120፥ ሰማያዊ 50 የሆነ ነጥብ ቢገኝ፥ ከ240 ላይ 130 ሲቀነስ 110 ስለሚቀር፥ ሁለቱ ክፍያዎችም ከ0.95 በታች ስለሆኑ፥ ነጥቡ ሣር ነው። ቀይ 130፥ አረንጓዴ 95 የሆነው ነጥብ ግን ክፍያው ከ1 ስለሚበልጥ አፈር ነው። ከ3,000,000 ነጥቦች 1,950,000ው አረንጓዴ ቢሆኑ፥ ሽፋኑ 65 በመቶ ነው ማለት ነው።

መለካት የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

1ኛ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕዘን ሠርቶ በሣሩ ላይ ያኑር።

2ኛ፤ ስልኩን ከማዕዘኑ መካከል በላይ ቀጥ አድርጎ፥ ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ይያዝ። ማዕዘኑ የሚጠቅመው ቦታውን ለመለየት ስለ ሆነ እንጨቱም የሰው እግርም ከሥዕሉ ውስጥ አይግቡ።

3ኛ፤ ደመና በሸፈነው ሰዓት ያንሣ፤ ፀሐይ ከበረታች መላውን ማዕዘን በጃንጥላ ያጥላ። ግማሹ ብርሃን፥ ግማሹ ጥላ የሆነ ሥዕል ያሳስታልና።

4ኛ፤ ከአንድ ሜዳ ቢያንስ ዐሥር ሥዕል ከልዩ ልዩ ስፍራ አንሥቶ አማካዩን ይውሰድ። ያማረውን ስፍራ ብቻ መምረጥ ራስን ማታለል ነው።

5ኛ፤ ቀኑንና ስፍራውን መዝግቦ፥ በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ቦታ ይድገም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያየው ቀለምን ብቻ መሆኑ አይረሳ። አረም አረንጓዴ ስለ ሆነ ከሣሩ ጋር ይቆጠራል። በበጋ የደረቀ ሣር ደግሞ የዝናምን ጠብታ ተቀብሎ አፈሩን ከመታጠብ ሲጠብቅ ሳለ፥ መሣሪያው እንደ ባዶ መሬት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአፈር ጥበቃ ከሆነ ደረቁን ለብቻው መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ የግቢ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የቦረና ከብት አርቢ ይመሰክራል። በናይሮቢና በአዲስ አበባ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የከብት መድን፥ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በኬንያ በማርሳቢት፥ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በቦረና ተጀመረ። በዚህ መድን ካሣ የሚከፈለው የሞተ ከብት ተቆጥሮ ሳይሆን፥ ሳተላይት ከሰማይ የግጦሹን ልምላሜ ለክቶ ድርቅ መሆኑን ሲያሳይ ነው። ነገር ግን የሳተላይቱ አንድ ነጥብ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ስፋት አለው፤ ካሣውም በሰፊ አውራጃ አማካይ ይሰላል። ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ለምልሞ ሣሩ ቢጠፋ፥ ከሰማይ ሲታይ አገሩ ለምለም ይመስላል፤ ከብቱ ግን ይራባል። ስፍራውና ቀኑ የታወቀ፥ ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ፥ ቁጥቋጦውን ከሣሩ የሚለይ ሰው ከታከለበት፥ ይህን ልዩነት ለማሳየት ይረዳል።

እንግዲህ ገበሬውም አትክልተኛውም ከብት አርቢውም ይህን ይገንዘቡ፦ ልኬቱ ዳኛውን አይተካም፤ ነገር ግን ዳኛው ፊት የሚቀርብ ምስክር ይሆናል። ያለ ምስክር የሚከራከር ሰው ግን እውነት ይዞም ሊረታ ይችላል።