መጥሪያው ለማን ደረሰ?

ፒያሳ ላይ ቢሮ የነበረው ድርጅት አድራሻው በውሉ ላይ ዛሬም አለ፤ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩና የፖስታ ሳጥኑ ሳይቀር ተጽፏል። ቤቱ ግን በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የአካባቢው ሰፈሮች ሲነሱ አብሮ ፈርሷል። የሠራበት ሒሳብ ያልተከፈለው ተቋራጭ ይህን ድርጅት በግልግል ዳኝነት ሊከስ ቢነሳ መጥሪያውን የት ወስዶ ይሰጣል? የግንባታው ቦታ አጥር ላይ ይለጥፈው? ለቀድሞ ጎረቤት አደራ ይበል? ነገሩ የተላላኪ ሥራ ይመስላል። የተረታ ወገን ውሳኔ ለማፍረስ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ ግን ይኸው ነው።

በጥንቷ አራዳ ችግሩ መፍትሔ ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ከበድ ባለ ጉዳይ ደግሞ በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ቁራኛ የታሰረ ሰው «አልሰማሁም» ሊል አይችልም። ዛሬ ተከራካሪን የሚያስረው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ መድረሱ መረጋገጥ አለበት።

ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል። የመጀመሪያው «ክፈለኝ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772፣ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ እንደሚሆነው ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አይመከርም። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ የመክፈያው ጊዜ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያ እንደማይሰጥ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) ቀይ መጽሐፍ የግንባታ ውል የገባ ተቋራጭ የመሐል ክፍያ ጥያቄውን ከነደጋፊ ሰነዱ ለመሐንዲሱ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ አሠሪው ለመክፈል 56 ቀን አለው። በአርባኛው ቀን በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ ንዴትን ከማስታወቅ አልፎ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ያጠራጥራል። በጊዜው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ግን ራሱ ገንዘብ ነው፤ ውሉ ስለ ወለድ ሌላ ነገር ካላለ በዓመት 9 በመቶ የሆነው ሕጋዊ ወለድ መታሰብ የሚጀምረው ከማስጠንቀቂያው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት «ጉዳዩን ወደ ግልግል ወስጃለሁ፤ የእኔን ዳኛ መርጫለሁ፣ አንተም ምረጥ» የሚለው ነው። ይህ የሚሄደው ለአሠሪው ነው። የክፍያ ጥያቄም ሆነ ክሌም ሁሉ በአማካሪ መሐንዲሱ በኩል ሲያልፍ የኖረ ተቋራጭ ይህንንም ለአማካሪው ሰጥቶ ለአሠሪው «ግልባጭ» ብሎ ያልፋል። አማካሪው ግን በክርክሩ ተከራካሪ አይደለም።

ማድረስን በተመለከተ የቢሮዎቻችን አሮጌ ልማድ ከማንኛውም ዘመናዊ ዘዴ የማያንስ ይመስለኛል። ደብዳቤው ከላኪው ወጪ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ተላላኪው የመላኪያ ደብተሩን ያስፈርማል፤ የተቀባዩ መዝገብ ቤት ቀሪው ላይ ቀን ጽፎ፣ ገቢ ቁጥር ሰጥቶ ማህተም ይመታል። ያ ማህተም ያረፈበት ቀሪ በግልግል ዳኞች ፊት ከብዙ ምስክር ይበልጣል። ችግሩ የሚመጣው መዝገብ ቤቱ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ይምጡ» ሲል ነው፤ ነገም ኃላፊው የሉም። ያኔ ተቀባይ የሚፈርምበት ፈጣን መልእክት መላክ፣ ደብዳቤው ሲቀርብና እምቢ ሲባል ያዩ ሰዎችን ስምና ሰዓቱን መጻፍ፣ በውሉ የተስማሙበት ኢሜይል ካለም ያንኑ በዚያ መድገም ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ዋጋ እንዳለው አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አረጋግጧል። ለሳይት ዘበኛ ሰጥቶ መመለስ ግን አያዋጣም። ዘበኛው ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድርጅቱ የመቀበል ሥልጣን ግን የለውም።

ከሳሾች ተከሳሹ ባይመጣ ደስ ይላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ተከሳሹ በሌለበት የተሰጠ ውሳኔ ከማንኛውም ውሳኔ ይልቅ ለጥቃት የተጋለጠ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን (አንሲትራል) እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የግልግል ሞዴል ሕግ መሠረት ተከሳሹ መልስ ባይሰጥ ዳኞቹ ክርክሩን መቀጠል ይችላሉ፤ ዝምታውን ግን እንደ ማመን አይቆጥሩትም። ስለዚህ ከሳሹ ማስረጃውን በሙሉ ማቅረብ አለበት፤ በዚያ ላይ መጥሪያው መድረሱን ያስረዳል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ያጸደቀችው የኒውዮርክ ስምምነትም በአምስተኛው አንቀጹ፣ ዳኛ ስለመመረጡ ወይም ስለ ክርክሩ በአግባቡ ያልተነገረው ወገን የውጭ አገር ውሳኔ እንዳይፈጸምበት እንዲቃወም በር ከፍቶለታል።

የግልግል ውሳኔ በእጅ ገባ ማለት ገንዘቡ ገባ ማለት እንዳልሆነ የምድር ባቡሩ ጉዳይ ያሳያል። የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡርን ለማደስ ውል የገባው ኮንስታ የተባለ ጥምረት በግልግል 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተፈረደለት፤ ሰበር ሰሚ ችሎት በ2010 ዓ.ም. ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንጂ መጥሪያ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትልቅ ክርክር በሕግ ነጥብ ከወደቀ፣ በአንድ ፊርማ ጉድለት የሚወድቀው ደግሞ የበለጠ ያስቆጫል።

ወደ ፈረሰው ቢሮ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ውሉ ምን ይላል የሚለው ነው። በፊዲክ የ1999 ቅጽ ወረቀት የሚላከው በውሉ አባሪ ወደ ተጻፈው አድራሻ ነው፤ አድራሻ የቀየረ ወገን ለውጡን ካሳወቀ ወደ አዲሱ ይላካል። ከተማው ቤቱን ቢያፈርስም የማሳወቁ ሸክም የተነሺው ነው። ውሉ ዝም ካለ የሞዴል ሕጉ መንገድ ይረዳል፦ ተገቢውን ያህል ፈልጎ የሥራ ቦታውንም መኖሪያውንም ያጣ ላኪ ወደ መጨረሻው የታወቀ አድራሻ በአደራ ደብዳቤ ቢልክ እንደደረሰ ይቆጠራል። ቁም ነገሩ «ተገቢውን ያህል ፈልጎ» የሚለው ላይ ነው። ንግድ ምዝገባ ሄዶ አዲስ አድራሻ መኖሩን ያላጣራ፣ በየሳምንቱ የሚደውልለትን ሥራ አስኪያጅ «ቢሮህ የት ገባ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ፈለግሁ ማለት አይችልም።

አንዳንዱ ደግሞ በአዲስ ዘመን የሚወጣውን የፍርድ ቤት ጥሪ አይቶ እኔም ጋዜጣ ላይ ላውጣ ይላል። ያ ጥሪ የሚወጣው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የግልግል ከሳሽ ውሉ ወይም ዳኞቹ ሳይፈቅዱለት በራሱ ገንዘብ ቢያሳትም፣ ማስታወቂያ ከፈለ እንጂ መጥሪያ ሰጠ አይባልም።