የጉና ጨፌዎችና ከሥራቸው ያለው አገር

ዝናቡ ካባራ ወራት አልፎ፣ የካቲትና መጋቢት ሲገቡም፣ ከጉና የሚወርዱ ብዙ ጅረቶች ቀጥነውም ቢሆን ይፈስሳሉ። ጉና በረዶ ተሸክሞ የሚከርም ተራራ አይደለም። ክረምት የጣለበት ዝናብ ቁልቁለቱን ይዞ ወዲያው ወርዶ ቢያልቅ ኖሮ፣ በጋ ላይ የሚቀዳ ውሃ ባልተገኘ ነበር። ያን ዝናብ ከአለቱ ስንጥቅና ከአፈሩ ጋር ሆነው ይዘው የሚያቆዩት፣ «ባዶ መሬት» እየተባሉ የሚቆረሱት ጨፌዎች ናቸው።

ጉና ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ነው። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ይጋሩታል። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቅና በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ያመራል። ላይ የሚደረገው ሁሉ ታች ላለው ይደርሰዋል፤ ታች ያሉት ሲማዳና ታች ጋይንት ደግሞ ዝናብ ሲያጥር ቀድመው ከሚጎዱት ወረዳዎች መካከል ናቸው።

በተራራው ከፍታ ላይ፣ ጓሳው በጉብታ በጉብታ የበቀለበትን ውሃማ ሜዳ የረገጠ ሰው፣ እግሩን ሲያነሣ ዱካው ወዲያው ውሃ ሲሞላ ያያል። ከላይ ሲያዩት ሣር ነው። በዶማ ቢቆፈር ግን ሥር የተጠላለፈበት፣ በእጅ ሲጨምቁት የሚያንጠባጥብ ጥቁር አፈር ይወጣል። አፈሩን ያጠቆረው በቅጡ ሳይበሰብስ የቀረ ሣርና ሥር ነው። ሣር እንዲበሰብስ አየር ያስፈልጋል፤ ውሃ በሞላበት አፈር ውስጥ ግን አየር እንደ ልቡ አይገባም፤ ብርዱም መበስበሱን ያዘገየዋል። ስለዚህ የዓመቱ ሣር በዓመቱ ላይ እየተደራረበ ይቆያል፤ ክረምት እንደ ሰፍነግ ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ክምችቱ ሲወፍር ፒት የሚባለው አፈር ይሆናል። ፒት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል፤ በውስጡ ያመቀው ካርቦን ግን በዓለም ደኖች ዛፎች ሁሉ ካለው ይበልጣል።

ወረድ ሲሉ ሌላ ዓይነት ይገኛል፦ ከገደል ሥር ምንጭ የሚፈልቅበት ቄጠማማ ቦታ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግቢ አይበልጥም፤ በካርታ ላይም አይታይም። ቢሆንም ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት እዚያ ነው፤ ከብቱ የሚጠጣውም ከዚያው የሚወርደውን ውሃ ነው። ለዓውደ ዓመትና ለቡና የሚጎዘጎዘውም ቄጠማ እንዲህ ካለው ቦታ ይታጨዳል። በእኔ አስተያየት፣ በአገራችን ካሉ ውሃማ ቦታዎች ሁሉ ብዙ ሰው እየጠቀመ ትንሽ ጥበቃ የሚያገኘው ይህ የምንጭ ዳር ነው።

በየሸለቆው ያለው ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ የከብት መስክ የሚሆነው ሜዳም ከዚሁ ወገን ነው። ጥር ላይ ደርቆ ያየው ሰው ሜዳ እንጂ ረግረግ አይለውም። ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም. በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የረግረግ መሬት ስምምነት ግን ቋሚውንም ጊዜያዊውንም፣ የተፈጥሮውንም ሰው ሠራሹንም አንድ ላይ ይቆጥራል። በዚህ አቆጣጠር የፎገራ የሩዝ ማሳ፣ ገበሬ ለመስኖ የቆፈረው ኩሬም ረግረግ መሬት ነው።

ወደ በሽሎ ሲወርዱ ሰፊ ጨፌ ብዙም የለም፤ ጥልቅ ገደል፣ አሸዋና የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። በዚያ የሚወርደው ደለል በአባይ በኩል መጨረሻው የሕዳሴ ግድብ ነው።

በጣና በኩል ግን ነገሩ ይሰፋል። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ፤ በፎገራ ሜዳ ከአውሮፓ ሳይቀር ለሚመጡ ወፎች ማረፊያ የሆኑት የወላላና የሸሸር ረግረጎች አሉ፤ ሁለቱም በእርሻ እየተገፉ እጅግ ጠበዋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ የጣና የባርቡስ ዓሣ ነገር ነው። ከዝርያዎቹ በርካቶቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በጉማራና በርብ ሽቅብ እየዋኙ፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይራባሉ። ከተራራው የሚመጣ ደለል ጠጠሩን ሲያለብሰው እንቁላሉ ይታፈናል። እንግዲህ እስቴና ፋርጣ ላይ የታረሰ ጨፌ ባሕር ዳር የሚሸጠውን ዓሣ ይነካል።

ጨፌ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ መሐሉን የሚያቋርጥ ቦይ ይቀደዳል። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ ለዘመናት ሳይበሰብስ የቆየው መበስበስ ይጀምራል። መሬቱ ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል። ለጥቂት ዓመታት ገብስና ድንች ይሰጥ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ውሃ ቢመልሱለትም እንደ ቀድሞው አይጠጣም። ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ሲተከል ደግሞ የቀረውን ሥሩ ይስበዋል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ድረስ ከተፈጥሮ ረግረጎች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል።

መሬት የጠበበውን ገበሬ «አትረስ» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። ልጆቹን የሚያበላበት ማሳ ያነሰው ሰው ያገኘውን እርጥብ መሬት ቢቆርስ አይፈረድበትም፤ ሸክሙ የእሱ ብቻ መሆን የለበትም። ጨፌውን ከርሻና ከልቅ ግጦሽ ከልሎ ሣሩን በተራ ማጨድ፣ ባሕር ዛፉን ከምንጭ ዳር ማራቅ፣ ከምንጩ በላይ ቦይ አለመቅደድ በየቀበሌው ስብሰባ ሊወሰን የሚችል ነው። የወረዳና የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኃላፊዎችም አንድን ጨፌ እንደ ትርፍ መሬት ቆጥረው ለአዲስ ባለይዞታ ከማደላቸው በፊት፣ ከሥሩ ካለው ምንጭ ማን ማን እንደሚቀዳ ይጠይቁ፤ የሚቀዱትንም በውሳኔው ላይ ያስቀምጧቸው።