የትክል ድንጋይ ዲሾችና ድንበር የሚሻገረው ቴሌቪዥን

ከጎንደር ወደ ሳንጃና ሁመራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ትክል ድንጋይን ያገኛል፤ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ላይ የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን የሚቀበሉት ዲሾች ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረው፣ ወደ ሰማይ በደንብ ቀና ብለው ቆመዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚሁ ዲሾች ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት፣ ያውም ዘንበል ብለው። ያን ጊዜ ብዙው ሰው የሚቀበለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ካለው ናይልሳት ነበር፤ የግብፅ ኩባንያ ነው። አሁን ግን የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚባለው ማዕቀፍ ተሰባስበው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤንኤስኤስ 12 ላይ ይገኛሉ። ሳተላይቱ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ነው።

ለውጡ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። የቀረበው ምክንያት ጣቢያዎቹ በየግላቸው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍሉትን የሳተላይት ኪራይ በጋራ ተደራድረው መቀነስ ነበር፤ በህዳሴው ግድብ ሰበብ ከግብፅ ጋር የነበረው ውጥረትም ከሰዎች አእምሮ አልጠፋም። ስምምነቱ በባለሥልጣናትና በጣቢያ ባለቤቶች መካከል አለቀ። ዲሽ ሠሪ ጠርቶ፣ ጣሪያ ላይ አስወጥቶ፣ ዲሹን አስዙሮና ሪሲቨሩን እንደገና አስፈልጎ የከፈለው ግን የትክል ድንጋዩ የዲሽ ባለቤት ነው። የዐረብኛ ፊልም ቻናሎቹንም ማጣት ያልፈለገ ሁለተኛ ዲሽ ሰቀለ። አገር አቋርጦ የሚሰራጭ ቴሌቪዥን ማን ይወስንበታል፣ ተመልካቹስ ምን ድርሻ አለው የሚለው የቆየ ጥያቄ ወደ ሰው ቤት የሚገባው እንዲህ ሆኖ ነው።

የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ጋር እኩል ይዞራል። ስለዚህ ከታች ለሚያየው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹም አንዴ ከተስተካከለ መነካካት አያስፈልገውም። አንዱ ሳተላይት ከዓለም አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚያየው። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ከአርማጭሆ አናት አጠገብ ነው ለማለት ይቻላል፤ ለዋሽንግተን ነዋሪ ግን ከአድማስ በታች ስለሆነ በምንም ዓይነት ዲሽ አይገኝም። በአማርኛ ዓለም አቀፍ ጣቢያ ልክፈት የሚል ኩባንያ እንግዲህ አንዱን ፕሮግራም ለአፍሪካ ቀንድ በአንድ ሳተላይት፣ ለሰሜን አሜሪካ በሌላ ሳተላይት ወይም በኢንተርኔት ይልካል። ኪራዩን በዶላር ይከፍላል፤ ማስታወቂያውን የሚሸጠው ግን በአብዛኛው በብር ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ራስ ምታት የሚጀምረው ከዚሁ ክፍተት ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ የዓለም አቀፍ ሥርጭት ማዕከል የነበረችበት ዘመን ነበር፤ ወጣት አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ይገረሙ ይሆናል። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ከፈተ። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሠራጫዎች ነበሩት፤ ድምፁም አፍሪካን አልፎ እስከ እስያ ይደርስ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ አሠራሩ ነው። ፕሮግራሙ ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ አይዘጋጅም ነበር። በየአገሩ የራሳቸው ስቱዲዮዎች ነበሩ፤ የአገሩ ሰዎች በአገራቸው ቋንቋ ቀርጸው ክሩን ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፣ ከዚያ ይሰራጫል። ማሠራጫው አንድ ቦታ ነበረ፤ ይዘቱ ግን ከየአድማጩ አገር ይመጣ ነበር። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅም ሆነ። በጊዜው የነበረው ቴሌቪዥን፣ በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሥራ የጀመረው የመንግሥት ጣቢያ፣ የአገር ውስጥ ብቻ ነበር።

ሳተላይቱ ዕድሉን ሲከፍት ከአገር ውስጥ ይልቅ በውጭ ያሉት ቀደሙ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የውጭ ዜጋ ድርሻ ያለበት ድርጅት ፈቃድ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር፤ ለአገር ውስጥ የግል ባለሀብትም ቢሆን የቴሌቪዥን ፈቃድ ለዓመታት አልተሰጠም። ስለዚህ ሥራው ተከፋፈለ፤ ምዝገባው ውጭ፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ፣ ተመልካቹ በየገጠሩ ከተማ ሆነ። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው ኢቢኤስ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የንግግርና የመዝናኛ ፕሮግራሞቹ በአዲስ አበባ ተቀርጸው የሁለቱን አህጉር ኢትዮጵያዊ በአንድ ሳሎን ሊያስቀምጡ ሞክረዋል። ተሳክቶላቸዋልም ማለት ይቻላል፤ የእሑድ ፕሮግራም በአርማጭሆም በቨርጂኒያም የአንድ ቀን ወሬ ይሆናል።

ኢሳት በተቃራኒው በፖለቲካ ምክንያት ውጭ የቆመ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከአምስተርዳም፣ ከለንደንና ከዋሽንግተን ይሰራጭ የነበረው ይህ ጣቢያ ሥርጭቱ በተደጋጋሚ ይታፈን ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጎንደር በተቃውሞ በተናወጠች ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ሥርጭት በየቤቱ ይጠበቅ ነበር። በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥቅምት የወጣው መመሪያም ኢሳትንና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን (ኦኤምኤን) መመልከትን ከለከለ። በሕግ የተከለከለው ማሠራጨቱ ብቻ ሳይሆን መመልከቱም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል። በ2010 ዓ.ም. በጣቢያዎቹ ላይ የነበሩት ክሶች ተነሡ፣ እነሱም አገር ቤት ገቡ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ጣቢያውን በሩቅ አገር ማግኘት ያልቻለ መንግሥት እጁን የሚያነሣው ቅርብ ባለው ተመልካች ላይ ነው።

ቃና ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ከኢትዮጵያውያን መሥራቾች ጋር የዱባዩ ሞቢ ግሩፕ ያለበት ነው። ሞቢ በአፍጋኒስታን ቶሎ ቲቪን ያቋቋመ፣ በሳድ ሞህሴኒ የሚመራ ኩባንያ ነው። ካቡል ላይ የሠራውን ቀመር ይዞ መጣ፤ የቱርክ፣ የላቲን አሜሪካና የእስያ ድራማዎችን በርካሽ ገዝቶ በአገሬው ቋንቋ ድምፅ ተክቶ ማቅረብ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ተርጓሚው ስክሪፕቱን አማርኛ ካደረገ በኋላ ሌላ ሰው ከተዋናዩ አፍ እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም ቃሉን ያሳጥራል፣ ያስረዝማል፤ የድምፅ ተዋናዩ ይቀርጻል፣ ከዚያ ሙዚቃውና የበር መዝጊያው ድምፅ ሳይቀር ይዋሐዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነበር፤ ለብዙ ወጣትም የሥራ በር ከፍቷል።

የአገር ውስጥ አርቲስቶችና ፊልም ሠሪዎች ጣቢያው ገና ሲጀምር በይፋ ተቃወሙ። ባህል ይበረዛል የሚለው ክርክር ነበር ጎልቶ የተሰማው። እኔ ግን ጠንካራው ነጥብ ሌላ ይመስለኛል። አንድ ክፍል የአማርኛ ድራማ ለመሥራት ተዋናይ፣ ካሜራ፣ ቦታ፣ ምግብና መኪና ያስፈልጋል፤ በሌላ አገር ወጪው ቀድሞ የተሸፈነን ድራማ ግን በድምፅ ብቻ ማቅረብ ይቻላል። ሁለቱ ለአንድ የማስታወቂያ ብር ሲወዳደሩ የሚሸነፈው ይታወቃል። ቢሆንም ተመልካቹን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ቃና በሰዓቱ የሚጀምር፣ ድምፁ የጠራ፣ በየቀኑ የማይቋረጥ ፕሮግራም ሰጠ። ትክል ድንጋይ ያለች እናት ይህን ወደደች ብሎ ባህል አጥፊ ማድረግ አይቻልም። የተቀሩት ጣቢያዎችም ሰዓት ማክበርን ከቃና ተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

የእግር ኳሱ ነገር ግን ከሁሉም በላይ የጎንደርን ሰው ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት ለደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ተሸጠ፤ የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ማለት ነው። ሥርጭቱ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሲሆን በዚያው ዓመት ዐፄዎቹ የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ጨዋታዎቹ የተካሄዱት ግን በተመረጡ ከተሞች ነበር፤ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ። ጎንደር አልነበረችበትም። የዐፄዎቹ ደጋፊ ቡድኑ ታሪክ ሲሠራ በራሱ ሜዳ ተሰልፎ ማየት አልቻለም፤ በወር ከሚከፈልበት ሪሲቨር ወይም ከዲኤስቲቪ ቤት ነው ያየው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከመልቲቾይስ በፊት የሊጉ ጨዋታ በሙሉ በጥሩ ካሜራ የሚታይበት ሁኔታ አልነበረም፤ ክለቦቹም ከመብቱ ሽያጭ ገቢ አገኙ። ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. አቦል የተባለ የአማርኛ ቻናል ከፍቶ ለአገር ውስጥ ድራማ ሠሪዎች ሥራ ሰጠ። ይሁን እንጂ መልቲቾይስ ራሱ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ እጅ ገብቷል። ስለ ኢትዮጵያ ቻናሎች የመጨረሻው ውሳኔ ትናንት በጆሃንስበርግ፣ ዛሬ በፓሪስ ነው የሚሰጠው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አርማጭሆ የሚታየው በተመዝጋቢ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ደግሞ እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጠራሉ።

የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ነገሩን በከፊል አስተካክሏል። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፣ ቀድሞ ፈጽሞ ተዘግቶ የነበረውን የውጭ ባለሀብት ድርሻም በገደብ ፈቅዷል። በዚህም ምዝገባውን ውጭ አድርጎ ሥራውን አዲስ አበባ የመሥራት አስፈላጊነት ቀንሷል። የቀረው የይዘቱ ጉዳይ ነው። ከባሕር ዳር የሚሰራጨው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በአማርኛና በኅብር ቻናሉ በክልሉ ሌሎች ቋንቋዎች ስለሚሠራ፣ በጎንደርም የኤፍ ኤም ጣቢያ ስላለው ለዚህ አካባቢ ቅርቡ እሱ ነው፤ ሆኖም የክልሉ መንግሥት ጣቢያ ነው። ዓለም አቀፎቹ የግል ጣቢያዎች ደግሞ ወደ ጎንደር አካባቢ የሚመጡት በአብዛኛው ለጥምቀት፣ ለፋሲል ግንብና ለሰሜን ተራሮች ቀረጻ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ በብዙ ቤት የቀረው የውጭው ዓለም መስኮት ዲሹ ነበር። በዚያ መስኮት የገዛ ወረዳው ዜና እምብዛም አልታየም።

ስለዚህ የጣቢያ ባለቤቶችን የምጠይቀው ከስልሳ ዓመት በፊት ብሥራተ ወንጌል የሠራውን ነው፤ ማሠራጫችሁ የትም ይሁን፣ ቀረጻው ግን ተመልካቹ ካለበት ይምጣ። ጎንደር ላይ ቋሚ ዘጋቢ ማስቀመጥ የአንድ ትልቅ ፕሮግራም መድረክ ከማስጌጥ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ባለሥልጣኑም ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ከአዲስ አበባ ውጭ ስንት ዘጋቢ አለህ ብሎ ይጠይቅ፣ የተመልካች አቤቱታ በስልክና በአማርኛ የሚቀርብበት መንገድም ያስገድድ። የመብት ሽያጭ የሚፈርሙት የሊጉ ኃላፊዎች በሚቀጥለው ውል ላይ የባለ ሜዳው ከተማ ሕዝብ ጥቂት ጨዋታዎችን ያለ ክፍያ የሚያይበትን አንቀጽ ያስገቡ።