ፎቶ ፕሪንተር ሲገዛ የካርቶኑ ቁጥር ሳይሆን ሕትመቱ ይታይ

ለፎቶ ቤት ወይም ለማስታወቂያ ሥራ ፕሪንተር ሊገዛ የወጣ ነጋዴ በቅድሚያ የሚያየው በካርቶኑ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ነው። በኤፕሰን ኤል 805 ላይ 5760 በ1440፣ በካኖን ጂ 2010 ላይ ደግሞ 4800 በ1200 ይላል። «ቁጥሩ የበለጠው ጥራቱም ይበልጣል» ብሎ ገንዘቡን የሚቆጥር ገዢ ጥቂት አይደለም። ስሌቱ ግን ለኪሳራ ሊዳርግ ይችላል።

ቁጥሩ የሚያመለክተው ማሽኑ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ነጠብጣብ ለማስቀመጥ ያለውን አቅም እንጂ የሥዕሉን ጥራት አይደለም። አንድን የፊት ቀለም ለማውጣት ብዙ ነጠብጣቦች ጎን ለጎንና ተደራርበው ማረፍ አለባቸው። በመሆኑም የጠብታው መጠንና የቀለሙ ብዛት ከቁጥሩ ባላነሰ ይወስናሉ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት ሁለት የኤፕሰን ሞዴሎች ናቸው። ኤል 3110ም ሆነ ኤል 805 5760 በ1440 ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በ4 ቀለም ሲሠራ ትንሹ ጠብታው 3 ፒኮሊትር ነው። ሁለተኛው ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ሮዝ ተጨምሮለት በ6 ቀለም ይሠራል፤ ጠብታውም 1.5 ፒኮሊትር ነው። ልዩነቱ በቆዳና በሰማይ ቀለም ላይ ይታያል፤ ጠብታው ሲተልቅ ፈዛዛው ቦታ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወረቀት ነው። ተራ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥና ስለሚያሰራጭ ውዱ ማሽን እንኳ የደበዘዘ ጠርዝ ያወጣል። ለፎቶ የተዘጋጀ ልባጥ ያለው ወረቀት ግን ጠብታውን ባረፈበት ይይዘዋል።

ሦስተኛው ደንበኛው ይዞት የሚመጣው ፎቶ ነው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲኖረው 1200 በ1800 ያህል ነጥብ ይበቃዋል። ኤ4 ግን 2480 በ3508 ይፈልጋል። በስልክ ሲላክ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ነጥብ የተጨመቀ ፎቶ በኤ4 ሲታተም በኢንች 110 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ይህን የትኛውም ፕሪንተር አያድነውም።

ስለዚህ ገዢው ሻጩ አስቀድሞ አትሞ በሰቀለው ናሙና መርካት የለበትም። የራሱን ፎቶ፣ ጥቃቅን ፊደላትና ቀጫጭን መስመሮች ያሉበትን ገጽ በፍላሽ ይዞ ሄዶ በሚወዳደሩት ማሽኖች ላይ፣ በአንድ ዓይነት ወረቀትና በከፍተኛው የጥራት ደረጃ ያሳትም። ከዚያም በማጉያ መነጽር ያስተያይ። ማሽኑ ያገለገለ ከሆነ የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ ሳያሳትም ሒሳብ አይክፈል። በገጹ ላይ የተቆራረጠ መስመር ከታየ ቀዳዳው በደረቀ ቀለም ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በማጠብ ካልተስተካከለ ራሱን ማስለወጥ ሊጠይቅ ስለሚችል በዋጋው የተገኘው ቅናሽ በጥገና ተመልሶ ይወጣል።