ያልላካችሁት ኢሜይል በስማችሁ ሲደርስ

ወገኖች፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? አንድ የቤተ ክርስቲያናችሁ ወንድም ይደውልና ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ትናንት በኢሜይል ስለላካችሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። እናንተ ምንም አልላካችሁም። እርሱ ግን ስማችሁን በዓይኑ አይቷል፤ አድራሻውም የእናንተው ነው። ደብዳቤውን ሲከፍተው ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል፣ ወይም ለመናገር የሚያሳፍር ሥዕል ወጥቶበታል። «እኔ አይደለሁም» ብትሉት ዝም ይላል እንጂ አያምናችሁም።

እኔም እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልኝ ያውቃል። ያን ጊዜ የነበረኝ መልስ «የእኔ ኮምፒዩተር ንጹሕ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ደዋዩ በዚህ አልረካም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ብናውቅ ኖሮ ሁለታችንም ባልተቀያየምን ነበር።

በመጀመሪያ ማወቅ ያለብን ይህንን ነው፦ በኢሜይል ላይ «ከእገሌ» ተብሎ የሚታየው ስም ላኪው ራሱ የሚጽፈው ነው። በፖስታ የሚላክ ደብዳቤን አስቡ። በፖስታው ጀርባ የላኪ ስም በሚጻፍበት ቦታ አንድ ሰው የእናንተን ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፎ ሣጥን ውስጥ ቢጨምረው፣ ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይጠይቀውም። ቴምብሩ ካለ ያደርሰዋል። ኢሜይልም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኤስኤምቲፒ የተባለውን የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጽፈው፣ መረቡን የሚጠቀሙት በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ። በሐሰት ስም የሚጽፍ ይኖራል ብሎ የሰጋ ስላልነበረ ደንቡ የላኪውን ማንነት አያጣራም ነበር።

ይህ ክፍተት ወዲያው ጉዳት አላመጣም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ እንኳ ስም አልዋሸም። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ይመጣል፤ ተያይዞ የመጣው ፋይል ተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ ዊንዶውስ የፋይሉን እውነተኛ ዓይነት የሚያሳዩትን የመጨረሻ ፊደላት ስለሚደብቅ ፕሮግራም መሆኑ አይታይም። ሰውየው ሲከፍተው አውትሉክ ላይ ለመዘገባቸው ሁሉ በራሱ ስም ይላካል። እንግዲህ ላኪው ባያውቀውም ደብዳቤው በእርግጥ ከእርሱ ኮምፒዩተር ወጥቷል። ያን ጊዜ ለወዳጅ ደውሎ «ኮምፒዩተርህ ታሟል» ማለት ትክክል ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ክሌዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ብቅ ብሎ በ2002 በሰፊው የተዛመተው ይህ ቫይረስ በገባበት ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ይለቅማል። ከዚያ አንዱን ተቀባይ፣ ሌላውን ደግሞ ላኪ ያደርጋል። ለምሳሌ እህት ማርታ በአንድ ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒዩተር ትጠቀማለች እንበል። እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የወንድም ዳዊትም የእናንተም አድራሻ ቀርቷል። ቫይረሱ በእናንተ ስም ለዳዊት ይጽፋል። ዳዊት በእናንተ ይቆጣል፣ እናንተ ግራ ትጋባላችሁ፣ በሽታው ያለበትን ኮምፒዩተር ግን ማንም አይጠረጥረውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ከክሌዝ ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ «የክሌዝ መድኃኒት» ተብለው ይመጡ ነበር፤ አንቲ ቫይረሳችሁ ቢጮህ ችላ በሉት ብለውም ይመክራሉ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 ሶቢግ፣ በጥር 2004 ደግሞ ማይዱም ይህንኑ ዘዴ ይዘው መጡ። ማይዱም «የላካችሁት ደብዳቤ አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ መስሎ ይመጣ ስለነበር ጠንቃቃ ሰው እንኳ ምን ሆነብኝ ብሎ ይከፍተዋል። በዚያ ዘመን እኔን ከቫይረሱ ይልቅ ያናደደኝ የጠባቂዎቹ ሥራ ነው። በየድርጅቱ የተተከለው አንቲ ቫይረስ የታመመ ደብዳቤ ሲይዝ፣ ላኪ ተብሎ ለተጻፈው ሰው «ቫይረስ ልከሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይልክ ነበር። ስሙ የተሰረቀበት እንደ ወንጀለኛ ይወቀሳል፤ እውነተኛው የታመመ ኮምፒዩተር ምንም አይደርሰውም። ቫይረሱ ስም እንደሚሰርቅ ከማንም በፊት የሚያውቁት አንቲ ቫይረስ ሠሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ምን ይሉታል?

ዛሬስ? ስም መስረቅ ቫይረስ እንኳ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፓስተሮችና በሌሎች የእምነት መሪዎች ስም የሚላኩ የማጭበርበሪያ መልእክቶችን በተመለከተ አስጠንቅቋል። መልእክቱ አጭር ነው፤ ፓስተሩ ለተቸገረ ሰው የስጦታ ካርድ እንዲገዛላቸውና ከካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር እንዲላክላቸው ይጠይቃል። ፋይል የለውም፤ ስለዚህ አንቲ ቫይረስ የሚይዘው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ አድራሻውም አልተሰረቀም። አጭበርባሪው አዲስ አድራሻ ከፍቶ ከፊቱ የፓስተሩን ስም ይለጥፋል። ስልካችን ላይ የሚታየው ስሙ ብቻ ስለሆነ አድራሻውን የሚያየው ስሙን ነካ ያደረገ ሰው ነው።

መከላከያ አልተሠራም ማለት አይደለም። ኤስፒኤፍ በሚባለው ዘዴ አንድ ድርጅት በስሙ ደብዳቤ ማውጣት የሚችሉት የትኞቹ ሰርቨሮች እንደሆኑ በይፋ ያስመዘግባል። ዲኪም ደብዳቤው ላይ ሊመሳሰል የማይችል የዲጂታል ፊርማ ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዲማርክ ደግሞ ሁለቱንም ከሚታየው የላኪ አድራሻ ጋር ያስተያይና ካልተስማሙ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች እነዚህን ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያናችሁ በራሷ ስም የድረ ገጽ አድራሻ ካላት፣ እነዚህ ሦስቱ መኖራቸውን ድረ ገጹን የሚያስተዳድረውን ወንድም ጠይቁት። ብዙ ቦታ ዲማርክ ተመዝግቦ «ምንም አታድርግ» በሚለው ላይ ቀርቷል፤ ያ ደግሞ በር ሠርቶ ሳይዘጉ እንደ መተው ነው። ይሁንና ከላይ ያልኩትን፣ በአዲስ አድራሻ ላይ ስም የመለጠፉን ተንኮል ይህ ሁሉ አያቆመውም።

እንግዲህ ያ ስልክ ሲደወልላችሁ በመጀመሪያ በራሳችሁ ሳጥን ውስጥ የተላኩ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ክፍል እዩ። እዚያ የማታውቁት ደብዳቤ ካለ፣ ወይም ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተጨምሮ ካገኛችሁ፣ ስማችሁ ብቻ ሳይሆን አካውንታችሁ ተይዟል፤ ፓስወርዱን ወዲያው ቀይሩ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ጨምሩ። አንዳንድ ሌባ የላከውን ስለሚያጠፋ ክፍሉ ባዶ መሆኑ ብቻውን አያጽናናችሁ። ስለዚህ ወንድማችሁን ደብዳቤውን እንዳያጠፋው ለምኑት። በጂሜይል ከሆነ በኮምፒዩተር ከፍቶ ዋናውን ሙሉ ቅጂ ቢያሳይ፣ ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ማለፋቸው ወይም መውደቃቸው ተጽፎ ይገኛል። ከታች ያሉት መስመሮች ደብዳቤው ያለፈባቸው ሰርቨሮች ማኅተም ናቸው። ላኪው የሐሰት ማኅተም ሊጨምር ይችላል፤ የተቀባዩ ሰርቨር የመታውን ግን ሊነካው አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛው እጅ አለ። በበዓል ሰሞን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት የሰማንያ ሰው አድራሻ ፊት ለፊት ተደርድሮ ይመጣል። ከሰማንያው የአንዱ ኮምፒዩተር ቢታመም ወይም አካውንቱ ቢሰረቅ፣ ሌባው የሁላችንንም አድራሻ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅም ጭምር ተሰልፎ ያገኘዋል። አድራሻዎቹን ቢሲሲ በሚለው መስመር ብታስገቡ ተቀባዮቹ አይተያዩም።

ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት በምታውቁት ሰው ስም ከደረሳችሁ ደግሞ በዚያው በኢሜይሉ «እውነት አንተ ነህ?» ብላችሁ አትመልሱ፤ መላሹ ሌባው ነውና «አዎ» ይላችኋል። በመልእክቱ ውስጥ በተጻፈው ቁጥርም አትደውሉ። ቀድሞ በስልካችሁ በያዛችሁት ቁጥር ደውሉና ድምፁን ስሙ።