ስልክ ሲዘጋ ልብ ያርፋልን?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ከጊንጪ በስተሰሜን የጭልሞ ጫካ አለ። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ጥላ የሚጥሉበት፣ ለጥሞና የሚመች ስፍራ ነው። «አንድ ቀን ስልኬን ዘግቼ እዚያ ብገባ ልቤ ወደ ጌታ ይመለስ ነበር» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የስልክ ወሬ ሲቋረጥ ልባችን ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ሳንፈልግ አይተነዋል።

የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተገደለ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንታት ያህልም ቆየ። ፌስቡክ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ታዲያ በእነዚያ ቀናት ጸሎታችን ጠለቀ? በእርግጥ የተንበረከኩ ነበሩ። ብዙዎቻችን ግን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠን ተቀምጠን ጆሯችን ውጭ ነበር። ልጄ የት ደረሰ? መንገዱ ተከፍቷል? ሰው ምን ይላል? የሚበትነን ነገር ኪሳችን ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ማርታም ስልክ አልነበራትም (ሉቃ. 10፥38-42)። ልቧን የከፋፈለው ክፉ ነገር ሳይሆን ጌታን ለማስተናገድ ደፋ ቀና ማለቷ ነው። ይህ በተለይ እኛን አገልጋዮችን ይነካል። የመዘምራን ልምምድ፣ የኮሚቴ ስብሰባ፣ የኮንፈረንስ ዝግጅት እያልን ሳምንቱ በጌታ ስም ሞልቶ፣ ጌታን ራሱን ሳናነጋግር እሑድ ይደርሳል። (ልምምዱ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ዘማሪዎች እንዳትቀየሙኝ።) ማርታ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርላት አንድ መልካም ነገር አድርጋለች። ቅሬታዋን ይዛ የሄደችው ወደ ጌታ ነው። እርሱም እስክትረጋጋ አልጠበቀም፤ በዚያው ጭንቀቷ መካከል ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርቶ መለሰላት።

ስለዚህ በጸሎት ሰዓት የጤፍ ዋጋ ወይም የልጃችሁ ፈተና ትዝ ሲላችሁ፣ ሐሳቡን ለማባረር ስትታገሉ ሰዓቱን አትጨርሱ። ነገሩን ራሱን ለጌታ ንገሩት፤ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4፥6 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ነህምያም የጸለየው በንጉሡ ፊት ቆሞ፣ እጅግ ፈርቶ ሳለ ነው (ነህ. 2፥1-5)። ጫካ የሚገባበት ጊዜ አልነበረውም።

ይህ ማለት ግን ጊዜ መለየት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጌታ ኢየሱስ ራሱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቷል (ማር. 1፥35-38)። ደቀ መዛሙርቱ አግኝተው ሰው ሁሉ እየፈለገው እንደሆነ ሲነግሩት ወደ ቅፍርናሆም አልተመለሰም፤ ወደ ሌሎቹ መንደሮች ሄደ። ከጸሎት ሲነሣ ለየትኛው ጥሪ እሺ፣ ለየትኛው እምቢ እንደሚል ያውቅ ነበር።

ጭልሞ መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ፤ ስልካችሁንም ዝጉ። ከጥዱ ሥር ስትቀመጡ ግን መንገዱን ሁሉ በልባችሁ ሲመላለስ የነበረውን ነገር አስቀድማችሁ ለጌታ ንገሩት፤ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከዚያ በኋላ ግለጡ።